ዓሣው የማያየው ላባ

በእጅ የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ካገኛችሁ ከመያዣው ትንሽ ከፍ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ መስታወት በመሰለ ጥርት ያለ ሽፋን ሥር የወፍ ላባ ታያላችሁ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ዘንጉን ዙሪያውን ያለብሰዋል። መሐሉ ነሐስ የሚመስል፣ ጫፉ ወርቃማ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ጥቁር መስመር የከበበው ነው። ከላይና ከታች በቀጭን ክር ተዘግቷል። በጣት ስትዳስሱት የሚሻክር ነገር የለም።

ይኼ ላባ ምንም ሥራ የለውም። ዘንጉን አያጠነክርም፣ ክሩንም አርቆ አይወረውርም። ዓሣውም አያየውም፤ ዓሣው የሚያየው ከዘንጉ ብዙ ሜትር ርቆ ውሃ ውስጥ ያለውን መንጠቆ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ለዚህች የጣት ርዝመት ለምታህል ቦታ ሙሉ ቅዳሜና እሁዱን ይሰጣል።

ለምን እንደሚሰጥ ለመረዳት ሁለት ታሪኮችን ማየት ያስፈልጋል፤ የዘንጉን እና የላባውን። የዘንጉ ታሪክ ሰላማዊ ነው። የላባው ግን ደም አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዘንጉ እንጀምር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የእንግሊዝና የአሜሪካ አጥማጆች ዘንግ በአብዛኛው ከእንጨት የሚጠረብ፣ ረጅምና ከባድ ነገር ነበር። በ1840ዎቹ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ኢስተን በምትባል ከተማ፣ ሳሙኤል ፊሊፕ የሚባል ሰው ቀርከሃ ሰንጥቆ ስንጥቆቹን መልሶ በማጣበቅ ዘንግ መሥራት ጀመረ። ሙያው ጠመንጃ መሥራት ነው፤ ቫዮሊንም ይሠራ ነበር። በአሜሪካ የዚህ ጥበብ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በ1870ዎቹ ደግሞ በሜን ግዛት የሚኖረው ሃይረም ሌናርድ ስንጥቆቹን በትክክለኛ ማዕዘን የሚቆርጥ ማሽን ሠራ። ቀርከሃው በስድስት ቀጫጭን ስንጥቆች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 60 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሦስት ጎን ይሆናል፤ ስድስቱ ሲገጥሙ ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ይወጣል። ወደ ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ ስንጥቁ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል።

ችግሩ ሙጫው ነበር። የዚያን ጊዜ ሙጫ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ፣ እርጥበት ሲነካው የሚለሰልስ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ደግሞ ሥራው ውሃ አጠገብ ነው! ስለዚህ ሠሪዎቹ ዘንጉን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ በሐር ክር ይጠመጥሙት ነበር። ሙጫው ቢከዳ ክሩ ይይዛል። ክሩ ያኔ ቀበቶ እንጂ ጌጥ አልነበረም።

ከዚያ ሙጫው ተሻሻለ። ውሃ የማይበግረው ሰው ሠራሽ ሙጫ መጣ፤ ቀበቶው አላስፈላጊ ሆነ። ክሩ ግን አልጠፋም። ከሥራ ወደ ጌጥ ተዛወረ እንጂ። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ፋይል ለማስቀመጥ የምንጫነው ምልክት ዛሬም የፍሎፒ ዲስክ ስዕል ነው፤ ፍሎፒ ዲስክ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች በየቀኑ ይጫኑታል። ሥራው ካለፈ በኋላ መልኩ የሚቀር ነገር ሁሌም አለ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የፋይበርግላስ ዘንግ ገበያ ላይ ዋለ። በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስታቆም፣ ለዘንግ የሚመረጠው ቀርከሃ ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ፣ ይመጣ ስለነበር ምንጩ ነጠፈ። ማዕቀቡ የተነሳው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገበያው ሌላ ሆኗል። በ1973 የካርቦን ፋይበር ዘንግ ወጣ፤ ቀርከሃውም የጥቂት አፍቃሪዎች ዕቃ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ የእጅ ባለሙያውን አስቡት። ፋይበርግላስና ካርቦን በጓሮ አይሠሩም። ዘንጉ ራሱ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነው ቀጭን ቱቦ፣ ከፋብሪካ ይገዛል። ዘንግ ሠሪው ዘንግ የማይሠራ ሰው ሆነ! የቀረለት ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ማሰር፣ ከቡሽ መያዣ ማዘጋጀት እና ሽፋን መቀባት ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? እጁ ወደ ቀረለት ቦታ ሁሉንም ነገር ይዞ ገባ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዘንግን ቤት ውስጥ የመገጣጠም ልማድ ተስፋፋ፤ ዴል ክሌመንስ የተባለው ሰው በ1974 ስለ ፋይበርግላስ ዘንግ አሠራር፣ በ1978 ደግሞ ለበረቱት የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ። በክር አልማዝ የሚመስል ጥለት፣ የቀስት ጫፍ፣ የተሸመነ ስም ሁሉ ይሠራ ጀመር። ላባውም የገባው በዚሁ በር ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል፤ «ድሮ ዘንግ ይሠሩ ነበር፣ አሁን ዘንግ ያስጌጣሉ» ይላል። እኔ አልስማማም። ማሽን አንድን ሥራ ሲወስድ እጅ ማሽኑ ወደማይፈልገው ቦታ ይሄዳል፤ ማሽኑ ደግሞ የማይፈልገው የማይጠቅመውን ነው። ለአንድ ዘንግ አሥራ አምስት ላባ አንድ በአንድ መርጦ የሚያለብስ ፋብሪካ የለም፤ ሒሳቡ አይወጣለትም።

አሠራሩ ራሱ ደስ ይላል። የክንፍ ላባ አይሆንም፤ አገዳው ወፍራምና ግትር ስለሆነ ቀጭን ቱቦ ላይ አይተኛም። የሚፈለገው የደረትና የጀርባ ትንሽ ላባ ነው፤ የፌዛንት (ረጅም ጅራት ያላት የእስያ የዱር ዶሮ ናት)፣ የጅግራ፣ የዳክዬ። ላባው ቅባት ስላለው በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ሥሩ ላይ ያለው ለስላሳ ብናኝ ይነቀላል፤ ጎኖቹ በመቀስ ይስተካከላሉ፤ አገዳው በምላጭ ይሳሳል። ከዚያ ዘንጉ ላይ በስሱ ሙጫ ይተኛል። አደራረቡ እንደ ሣር ቤት ክዳን ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ የፊተኛውን ሥር እየሸፈነ ይሄዳል፤ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ሥር በክር ጥምጥም ይሸፈናል።

ቀጥሎ ኤፖክሲ ይመጣል። ሁለት ፈሳሾች እኩል በእኩል ይደባለቁና በብሩሽ ይቀባሉ። ኤፖክሲ ቶሎ ስለማይደርቅ ዘንጉ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሽፋኑ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዘንጉ በትንሽ ሞተር ላይ ይታሰርና ለሰዓታት ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ልክ እንደ ጥብስ። በላባው ቃጫዎች መካከል የታሰረው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ አረፋውን በትንሽ ሙቀት ማፈንዳት ይቻላል፤ ሙቀቱ ከበዛ ግን ላባው ይኮማተራል። ጌጡ ከመያዣው አጠገብ የሚደረገውም በምክንያት ነው። ኤፖክሲ ክብደት አለው፤ ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር ዘንጉን ያዘገየዋል። እጅ አጠገብ ሲሆን ግን ክብደቱ አይታወቅም።

አሁን እኔን ይበልጥ ወደሚገርመኝ ነገር እንምጣ። ሁሉም ላባ ኤፖክሲ ውስጥ ቀለሙን አይጠብቅም። የፌዛንት ቡናማና ወርቃማ ቀለም ያለ ችግር ይተርፋል፤ ቀለሙ በላባው ውስጥ ያለ እውነተኛ ማቅለሚያ ነውና። ነጭ ላባ ግን ይጠፋል! ነጭ ላባ ነጭ ማቅለሚያ የለውም፤ ነጭ የሚመስለው በጥቃቅን ቃጫዎቹ መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ኤፖክሲው ገብቶ አየሩን ሲተካ፣ ኤፖክሲውና ላባው ብርሃን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚቀራረብ (ሁለቱም ከ1.5 ትንሽ ከፍ ይላሉ) ላባው እንደ ረጠበ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ዘንግ ጥቁር ከሆነ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የጅግራ ላባ ያለ ዝግጅት ከተቀባ ውበቱ የሆነው ነጭ ነጠብጣብ ይደበዝዛል። መፍትሔው ላባውን አስቀድሞ በስስ ሽፋን ማተም፣ ወይም ከሥሩ ነጭ ነገር ማንጠፍ ነው።

ጣዎስም ሌላ ጉድ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴው የሚመጣው ከላባው ጥቃቅን አወቃቀር እንጂ ከማቅለሚያ አይደለም። ይህን ሮበርት ሁክ ገና በ1665 በአጉሊ መነጽር አይቶ ጽፎታል፤ የጣዎስ ላባ በውሃ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋል ብሎ። ያኔ ኤፖክሲ የለም፤ ዘንግ ሠሪዎችም አያውቁትም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጋራዣቸው ውስጥ ያጋጠማቸውን ነገር ግን እሱ አስቀድሞ ጽፎላቸው ነበር።

እስካሁን ያየነው ላባ ዘንጉ ላይ ያለውን ነው። ነገር ግን ላባና ዓሣ ማጥመድ የተገናኙት ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ መንጠቆው ላይ ነው። አጥማጆች መንጠቆን በላባና በክር አስጊጠው ነፍሳት ያስመስሉታል፤ «ዝንብ» ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ግን ለሳልሞን የሚሠራው ዝንብ ምንም ዓይነት ነፍሳት መምሰሉን ተወ። ዊልያም ብላከር የተባለው በለንደን የሚኖር አየርላንዳዊ ስለ አሠራሩ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1895 ደግሞ ጆርጅ ኬልሰን «ዘ ሳልሞን ፍላይ» የሚለውን መጽሐፍ አሳትሞ ለእያንዳንዱ ዝንብ የላባ ዝርዝር አስቀመጠ። እንደ ወጥ ቅመም ማለት ነው፤ አንዱ ከጎደለ አልተሠራም።

ጆክ ስኮት የሚባለውን ታዋቂ ዝንብ እንውሰድ። ጭራው አካባቢ ጥቁር የሰጎን ላባ፣ ገላው ላይ ቢጫ የቱካን ላባ፣ ጉሮሮው ላይ የጅግራ ነጠብጣብ፣ ክንፉ ላይ የተርኪ፣ የወርቃማ ፌዛንት፣ የጣዎስና የዳክዬ ላባ፣ ጉንጩ ላይ የሕንድ የዱር አውራ ዶሮ፣ አናቱ ላይ የማካው በቀቀን። በአንድ መንጠቆ ላይ አራት አህጉር! አፍሪካም አለችበት፤ ጅግራ የእኛው አገር ወፍ ናት፣ የሰጎን ላባም በዚያው ዘመን ከሐረር በዘይላና በበርበራ በኩል ወደ ኤደን ከቡና፣ ከቆዳና ከዝሆን ጥርስ ጋር ይጫን ነበር። ለንደን የደረሰው ብዙው የሰጎን ላባ ግን ከደቡብ አፍሪካ እርባታ የሄደ ነው።

አስቂኙ ነገር ሳልሞን ለመራባት ወደ ወንዝ ሲገባ መብላት ያቆማል። የማይበላ ዓሣ ለምን መንጠቆ እንደሚነክስ ማንም በእርግጠኝነት አያስረዳም። ስለዚህ «ይህ ላባ ይሻላል፣ ያ ቀለም ይሻላል» የሚለው ክርክር መቼም ማብቂያ የለውም፤ ማንም ተሳስተሃል ሊባል አይችልም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው ውድ ዕቃ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው። ዓሣው ተራ ዶሮ ላባም ይነክሳል፤ ብርቅ የሚፈልገው ሰውየው ነው።

ዝንብ ሠሪዎች ብቻቸውን አልነበሩም፤ እንዲያውም ትንሾቹ ነበሩ። ትልቁ ገበያ የሴቶች ባርኔጣ ነበር። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፎች ተመራማሪ ኒው ዮርክ ውስጥ በእግሩ እየሄደ 700 ባርኔጣ ቆጠረ፤ 542ቱ ላይ ላባ ነበር። አንዳንዱ ላይ ሙሉ ወፍ ተቀምጧል። ኤግሬት የምትባለው ነጭ የውሃ ወፍ ያን የሚያምር ላባ የምታወጣው በመራቢያዋ ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ አዳኙ የሚመጣው ጎጆ ላይ ጫጩት ሲኖር ነው፤ እናትና አባት ይገደላሉ፣ ጫጩቶቹ በረሃብ ያልቃሉ። አንድ ጥይት አንድ ትውልድ ይወስድ ነበር።

ይህን ያስቆሙት በብዛት ሴቶች ናቸው። በ1889 እንግሊዝ ውስጥ ኤሚሊ ዊልያምሰን፣ በ1896 ቦስተን ውስጥ ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል ማኅበር መሥርተው ላባ የምታደርጉ እህቶቻችን ተዉ አሉ። ሕጉ ተከተለ፤ በ1918 አሜሪካ ውስጥ ስለ ስደተኛ ወፎች፣ በ1921 ብሪታንያ ውስጥ ላባ ከውጭ ስለማስገባት ሕግ ወጣ።

የ1918ቱ ሕግ ዛሬም ዘንግ ሠሪውን በቀጥታ ይነካዋል። አሜሪካ ውስጥ የጭልፊት፣ የጉጉት ወይም የቁራ ላባ መንገድ ላይ ወድቆ ብታገኙ እንኳ አንስታችሁ መያዝ አይፈቀድም። ወፏ ራሷ የጣለችው ቢሆንም! መጀመሪያ ስሰማው ቢሮክራሲ ነው ብዬ ነበር፤ ግን አስቡት፤ አንድ ላባ በእጁ የያዘ ፖሊስ ወፏ ተገድላ ይሁን ላባዋን ጥላ እንዴት ይለያል? ላባው ላይ ታሪኩ አልተጻፈበትም። ስለዚህ ሕጉ ጥያቄውን ራሱ ዘጋው።

ታሪኩ የተጻፈበት ላባ ግን አለ። ያለው ሙዚየም ውስጥ ነው።

ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ትሪንግ በምትባል ከተማ የብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፎች ክምችት ይገኛል፤ ከ700 ሺህ በላይ ናሙና። ከእነሱ መካከል አልፍሬድ ራስል ዋላስ ከ1854 እስከ 1862 በማሌይ ደሴቶች ሲዞር የሰበሰባቸው ወፎች አሉ፤ ዋላስ ከዳርዊን ጎን ለጎን የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ የደረሰበት ሰው ነው። እያንዳንዱ ወፍ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሮለታል፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንደያዘው የሚል።

በሰኔ 2009 አንድ የ20 ዓመት አሜሪካዊ፣ ለንደን ውስጥ ዋሽንት የሚያጠና ተማሪ፣ ማታ በባቡር ሄዶ መስኮት ሰብሮ ገባ። ሻንጣ ይዞ ነበር። 299 ወፎች ጭኖ ወጣ። ሙዚየሙ መሰረቁን ያወቀው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የእነ ኬልሰንን ዝንቦች የሚሠራ፣ በዚህ ሙያ የተደነቀ ነበር። ላባውን ለራሱ ተጠቀመ፣ የቀረውንም እየከፋፈለ ሸጠ። ከገዙት ውስጥ ብዙዎቹ ዓሣ አጥምደው እንኳ አያውቁም፤ ዝንቡ የሚሠራው በፍሬም ለመስቀል ነው። በ2010 ተያዘ፤ በ2011 የተፈረደበት የ12 ወር የታገደ እስራትና 125,150 ፓውንድ ነበር። ከወፎቹ 174ቱ ሳይበተኑ ቢገኙም ብዙዎቹ ወረቀታቸው ተቆርጦ ነበር።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ያንገበግባል? ዳታ ላይ የሚሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወረቀቱ ሜታዳታው ነው፤ እሱ ከተቆረጠ የቀረው የሚያምር የሞተ ወፍ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች ከሙዚየም ወፎች ላባ ላይ ሜርኩሪ ለክተው መርዙ በአካባቢው መቼ እንደጨመረ ማሳየት ችለዋል። የቻሉት እያንዳንዱ ላባ ላይ ዓመተ ምሕረት ስለነበረ ነው። ዋላስ ያን ወረቀት ሲያስር ስለ ሜርኩሪ ምንም አያስብም ነበር። ወደፊት የሚመጣውን ጥያቄ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ቦታና ቀን ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ሰው ደግሞ በመቀስ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ለአንድ ቀይ ላባ! ያ ላባ በዝንብ ሠሪዎች ቋንቋ «የሕንድ ቁራ» ይባላል፤ ወፉ ግን ሕንዳዊም አይደለም ቁራም አይደለም፤ የደቡብ አሜሪካ ወፍ ነው። ስሙን እንኳ በትክክል አልያዙለትም።

የዘንግ ጌጥን ከዚህ ጋር ሳነጻጽር ልቤ ወደ ዘንጉ ያደላል። ሁለቱም ጥቅም የሌለው ውበት ናቸው፤ ግን የዘንጉ ጌጥ የመጽሐፍ ዝርዝር የለበትም። «ይህ ላባ ካልሆነ አይሆንም» የሚል ኬልሰን አልተነሳበትም። ላባው የሚመጣው ለሥጋ ከሚረባ ፌዛንት፣ ከተርኪ፣ ከቤት ጅግራ ነው፤ አለዚያ የሚጣል ነው። የዱር አውራ ዶሮውም ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ ይረባል። ዝንቡ ላይ ውበቱን ያመጣው የላባው ብርቅነት ነበር፤ ዘንጉ ላይ የሚያመጣው አደራረቡ ነው። ከአንድ ጅግራ ደረት አሥራ አምስት እኩል ላባ ለማግኘት ሃምሳውን አይቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይኼ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘንግ ሠሪዎች የመጨረሻውን ኤፖክሲ ከመቀባታቸው በፊት ከጌጡ አጠገብ በቀጭን ብዕር ይጽፋሉ፤ የዘንጉን ርዝመት፣ የሚሸከመውን የክር መጠን፣ ስማቸውን፣ የደንበኛውን ስም፣ ዓመቱን። ጽሑፉ እንደ ላባው ከሽፋኑ ሥር ይቀራል፤ በመቀስም አይቆረጥም። እኔ ብሆን ከዓመቱ ቀጥሎ የወፏን ስምና ከየት እንደመጣች እጽፍ ነበር፤ አንድ መስመር ይበቃል፣ ቦታም አለ።